በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ደጅ፦ ለጥምር ዲግሪ አስቀድሞ ስለ ማመልከት

በሰሜን ሸዋ ልጅን ለማስተማር የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከአንኮበር ገጠር ወደ ጎረቤላ፣ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደብረ ብርሃን ለትምህርት የሚወጣ ልጅ ስንቁን ከቤቱ ተሸክሞ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ብርዱን ችሎ እንደሚማር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወደ መመረቂያው ሲቃረብ፣ በሁለት ሀገር የሚያስተምር፣ ወጪን የሚሸፍንና የሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን ዲግሪ የሚያስገኝ ትምህርት መኖሩን ከጓደኛው ይሰማል። ወሬው እውነት ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚደርሰው የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወይም ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ጥምር ዲግሪ ምንነት፣ አስቀድሞ ስለ ማመልከት ትርጉም፣ ተማሪውና ቤተ ሰቡ ሊያደርጉት ስለሚገባ ዝግጅት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዋና ሐሳባችን አንድ ነው፤ አስቀድሞ ማመልከት መቸኮል አይደለም። አስቀድሞ የሚጀምር ሰው ለማሰብም፣ ለመመካከርም፣ ስሕተቱን ለማረምም ጊዜ ስለሚያገኝ ከመቸኮል ይድናል።

ሀ) ጥምር ዲግሪ ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ በአንድ የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ የሚያገኘው ማስረጃ ሁለት ዓይነት መልክ ይኖረዋል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተባብረው አንድ የምስክር ወረቀት ሲሰጡ ጥምር ዲግሪ ይባላል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የምስክር ወረቀት ሲሰጡ ደግሞ ድርብ ዲግሪ ይባላል። በሁለቱም መንገድ ተማሪው አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ አይማርም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተስማምተው ባዘጋጁት አንድ ሥርዓተ ትምህርት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ።

በሀገራችን ተማሪዎች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የዚህ ዓይነት ፕሮግራም የአውሮፓ ኅብረት የሚረዳው ኤራስመስ ሙንዱስ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የማስተርስ ትምህርታቸውን በዚህ መንገድ ፈጽመዋል። በአሁኑ ደንብ መሠረት አንድን ፕሮግራም የሚመሩት ቢያንስ በሦስት ሀገሮች የሚገኙ ቢያንስ ሦስት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ናቸው። ተማሪውም ከሚኖርበት ሀገር ውጭ ቢያንስ በሁለት ሀገሮች ይማራል። ትምህርቱ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 በሚቆየው የፕሮግራሙ ዘመን የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። በተጨማሪም ለጉዞ፣ ለቪዛና ለኑሮ የሚሆን በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ድረስ ይሰጠዋል።

የትምህርቱ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት ከተሰጡት መካከል የእንስሳት እርባታና የዘር ማሻሻል፣ የደንና የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ እንዲሁም የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ይገኙበታል። የመንዝን በግ ለሚያውቅ፣ በወፍ ዋሻ ደን አጠገብ ላደገ ወይም በበጋ ምንጭ ሲደርቅ ላየ የሰሜን ሸዋ ልጅ እነዚህ ሩቅ ጉዳዮች አይደሉም። ከዚህ ያገኘውን ዕውቀት ይዞ ሊያመለክትባቸው የሚችሉ የትምህርት መስኮች ናቸው።

ለ) ለአባቶቻችን እንግዳ ያልሆነ መንገድ

ከአንዱ የትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተሸጋግሮ መማር ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ዜማን በአንዱ ደብር፣ ቅኔን በሌላው፣ ትርጓሜን በሦስተኛው ይማር ነበር፤ ዛሬም ይማራል። ድጓን የተማረ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕትን የሚሻም ወደ ዙር አምባ ይወርዳል። ወደ ማስመስከሪያው ደብር የሚሄደው ግን የቀደመውን ትምህርት ካጠና በኋላ ነው። መምህሩም ብቃቱን ሳያይ አያሰናብተውም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዛሬው ተማሪ የሚሆን ትምህርት አለ፤ ወደ ሁለተኛው ቤት የሚያስገባው በመጀመሪያው ቤት የተደረገው ዝግጅት ነው።

ወደ ውጭ ሀገር ሄደው ከተማሩት የሰሜን ሸዋ ሰዎችም አንዱን እናውሳ። በ1876 ዓ.ም. በሲያደብር የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ሙያ ተማሩ። በኋላም በአውሮፓ የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። ሁለት የተለያዩ ሙያዎች የያዙት እኚህ ሰው ቴአትር ጽፈዋል፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማም በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ሀገራቸው ተሟግተዋል። በእርሳቸው ዘመን አንድ የገጠር ልጅ ውጭ ሀገር ሄዶ ሊማር የሚችለው ታላቅ ሰው ሲያስበው ወይም መንገደኛ ይዞት ሲሄድ ነበር። ዛሬ በሩ ማስታወቂያውን በጊዜ ላነበበና ለተዘጋጀ ሁሉ ክፍት ነው። ስለዚህ በጊዜ አለማወቅ ከሁሉ የሚከፋ ድህነት ሆኗል።

ሐ) "አስቀድሞ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም

ስለ ማመልከቻ ጊዜ ስንናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዳናደባልቅ እንጠንቀቅ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ በሚያመለክቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድ የሚታወቀው ነው። እዚያ "ኧርሊ ዲሲዥን" የሚባል ማመልከቻ አለ። በኅዳር ወር መጀመሪያ አካባቢ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ የሚቀርብ ሲሆን ቃል የሚያስገባ ነው። ተማሪው በዚህ መንገድ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ያመለክታል፤ ከተቀበሉትም ሌሎቹን ማመልከቻዎች ትቶ ወደዚያው ሊገባ ይገደዳል። "ኧርሊ አክሽን" የሚባለው ግን መልሱን ቶሎ ያሳውቃል እንጂ በቃል አያስርም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስናንና የንግድ አስተዳደርን አጣምሮ ሁለት ዲግሪ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ከፈረንሳዩ ሲያንስ ፖ ጋር በመተባበር ተማሪው ሁለት ዓመት በፈረንሳይ፣ ሁለት ዓመት በኒው ዮርክ ተምሮ ሁለት ዲግሪ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቷል። እነዚህ እጅግ ጥቂት ተማሪዎችን የሚመርጡ ናቸው። ክፍያቸውም ያለ ድጋፍ ለአንድ የደብረ ብርሃን ቤተ ሰብ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። እንግዲህ በቃል በሚያስር ማመልከቻ ላይ ከመፈረም በፊት ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ሀገር ተማሪ የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ምን ያህል እንደሆነ፣ ድጋፉ ካልበቃ ከገባው ቃል የሚወጣበት መንገድ እንዳለ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ትርጉም እንደ ኤራስመስ ሙንዱስ ባሉ ፕሮግራሞች የሚታየው ነው። እዚህ ቀድሞ ማመልከት በቃል አያስርም። ሆኖም ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ፕሮግራሞች ሁለት የማብቂያ ቀን አላቸው። የፊተኛው ነፃ የትምህርት ዕድል ለሚሹ፣ የኋለኛው ደግሞ በራሳቸው ገንዘብ ለሚማሩ ነው። በኋለኛው ቀን ያመለከተ ተማሪ ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል፤ ገንዘቡን ግን አያገኝም። መቀበልና ነፃ ዕድል ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የደስታው ደብዳቤ ደርሶ ቤተ ሰቡ ጎረቤት ከጠራ በኋላ የክፍያው መጠን ሲነበብ የሚደርሰውን ሐዘን ሊያስቀር የሚችለው የፊተኛውን ቀን ማወቅ ብቻ ነው።

መ) ከመስከረም እስከ መስከረም

በመስከረም ለሚጀምር የማስተርስ ትምህርት ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከአንድ ዓመት በፊት በመስከረምና በጥቅምት ነው። የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማብቂያም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ውስጥ ይውላል። መልሱ በሚያዝያ አካባቢ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የቪዛው ጉዳይ ክረምቱን ይወስዳል። ስለዚህ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሰኔ ላይ ከተመረቅሁ በኋላ አስብበታለሁ ካለ አንድ ሙሉ ዓመት አለፈው ማለት ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ገና ያልተመረቀ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንዲያመለክት ይፈቅዳሉ፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ዲግሪውን ማቅረብ ግን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስለሚጠበቅባቸው፣ ይህንንም በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ያሻል።

እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከአንኮበር ወረዳ መጥታ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አለች እንበል። ክረምቱን በቤቷ ሳለች፣ ወይም ቢዘገይ በመስከረም፣ የኤራስመስ ሙንዱስን የፕሮግራሞች ዝርዝር አንብባ ከትምህርቷ ጋር የሚስማሙትን ሦስት ወይም አራት ትመርጣለች። በጥቅምት መምህራኗን የድጋፍ ደብዳቤ ትጠይቃለች፤ ጊዜያዊውን ትራንስክሪፕትም ታወጣለች። በኅዳር ስለ ዓላማዋ የሚያስረዳውን ደብዳቤ ጽፋ ለሚያርማት ሰው ታሳያለች። በታኅሣሥም ሁሉንም ትልካለች። ይህች ተማሪ በማንኛውም ወር አልተጣደፈችም። ያንኑ ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመፈጸም የሞከረ ጓደኛዋ ግን መምህሩን በመስክ ሥራ ላይ፣ ሬጅስትራሩን በምዝገባ ተጠምዶ፣ መብራቱንም ጠፍቶ ያገኘዋል።

ስለ ቀንና ሰዓት አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ማስታወቂያዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ጃንዋሪ 15 በእኛ ጥር 7 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጥር 6 ይሆናል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በክረምታቸው ወራት የብራስልስ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ማስታወቂያው "12:00 በብራስልስ ሰዓት" ቢል የእነርሱ እኩለ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። የማታው 12 ሰዓት መስሎት የጠበቀ ተማሪ በአራት ሰዓት ይዘገያል፤ ኮምፒዩተሩም ይቅርታ አያውቅም።

ሌላም ምክንያት አለ። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። በየወረዳው የነበሩ ተማሪዎች ማስታወቂያ ማየትም ሆነ ማመልከቻ መላክ ተስኗቸው ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ መንገድ ሲከፈትና መስመር ሲገኝ ሥራን ለነገ አለማሳደር ነው። ሰነዶችንም በወረቀት፣ በፍላሽና አዲስ አበባ ባለ ታማኝ ዘመድ ዘንድ በሦስት ቦታ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ሠ) ሰነዶችን ስለ ማዘጋጀት

አንደኛ፤ ስም። እኛ የቤተ ሰብ መጠሪያ ስም የለንም፤ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እናስከትላለን። የውጭ ሀገር ቅጽ ግን የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ተማሪው በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን አከፋፈል ሳይለውጥ መከተል አለበት። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ስምም በሁሉም ወረቀት አንድ ይሁን። "ጽጌ" የሚለው ስም በትራንስክሪፕቱ በ"ቲ"ና በ"ኤስ"፣ በፓስፖርቱ ግን በ"ቲ" ብቻ ተጽፎ ከተገኘ፣ ሁለቱ ወረቀቶች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ለባዕድ ሀገር ጸሐፊ ማስረዳት ችግር ነው። ይህን በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማስተካከል ከምረቃ በፊት ይቀላል።

ሁለተኛ፤ የልደት ቀን። በአንዱ ወረቀት 1995፣ በሌላው 2003 ተብሎ ከተጻፈ እኛ አንድ መሆኑን እናውቃለን። እነርሱ ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ያዩበታል። ስለዚህ በየወረቀቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ተለይቶ ይታወቅ።

ሦስተኛ፤ የትምህርት ማስረጃ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የተወሰነውን ወጪ ለመክፈል ውል ይገባል። ይህ ዕዳ ሳይጠናቀቅ ዋናውን ዲግሪ እጅ ማድረግ ያስቸግራል። በመሆኑም ተማሪው ለማመልከቻው ጊዜያዊ ማስረጃ ይበቃ እንደሆነ ፕሮግራሙን፣ የዕዳውን አከፋፈል ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ማስረጃዎችን በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ማረጋገጥ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጓዝን ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ተሂዶም ላያልቅ ይችላል።

አራተኛ፤ የመምህራን ድጋፍ ደብዳቤ። መምህሩ ተማሪውን ሊያውቀው ይገባል። በክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት መጥቶ "ጋሼ፣ ይጻፉልኝ" ቢል፣ መምህሩ ከደግነት የተነሣ ይጽፍለት ይሆናል፤ ደብዳቤው ግን የሚናገረው ነገር የለውም። ተማሪው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ የትምህርት ውጤቱንና የሚያመለክትበትን ፕሮግራም መግለጫ ይዞ ይቅረብ። መምህራንም የተማሪን ደብዳቤ በጊዜው መጻፍ ከማስተማር ሥራ የማይለይ አደራ መሆኑን እንድናስታውሳቸው ይፍቀዱልን።

አምስተኛ፤ ስለ ዓላማ የሚጻፈው ደብዳቤ። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ደብዳቤ ራሱን ያጋልጣል። መራጮቹ ማወቅ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ምን ሠራህ፣ ይህን ትምህርት ለምን መረጥህ፣ በኋላስ ምን ትሠራበታለህ? በበጋ የደረቀውን የቀበሌዋን ምንጭ በቀላል እንግሊዝኛ በትክክል የገለጸች ተማሪ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ልማት በትልልቅ ቃላት ከጻፈው ይልቅ ትታመናለች።

ስድስተኛ፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስረጃ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይበቃቸዋል። ሌሎች ግን የታወቀ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይጠይቃሉ። የፈተናው ክፍያ ለተማሪ ከባድ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን የሚቀበሉትን አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ወጪን ያድናል።

ረ) ምርጫው ስለ ጠበበ በጥበብ መምረጥ

እያንዳንዱ ፕሮግራም ከመላው ዓለም ብዙ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ነፃ ዕድሉ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ በደንቡ መሠረት አንድ ፕሮግራም ከሚሰጠው ጠቅላላ የነፃ ትምህርት ዕድል ውስጥ ለአንድ ሀገር ዜጎች ከ10 በመቶ በላይ መስጠት አይችልም። ይህ ማለት ኢትዮጵያዊው አመልካች ከሕንድ ወይም ከብራዚል ተማሪ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ከራሱ ወገን ጋርም ይወዳደራል ማለት ነው። ሁሉም የተመረቀ ወንድሙ የሄደበትን አንዱን ፕሮግራም ብቻ ቢያንኳኳ በሩ ይጠብባል። እንደ ሙያው ብዙም ያልተሰሙትን ፕሮግራሞች ፈልጎ የሚያገኝ ተማሪ የተሻለ ተስፋ ይኖረዋል። ይህን ፍለጋ ለማድረግም ጊዜ ያስፈልጋል።

ሰ) ለወላጆችና ለታላላቆች

አሁን ቃላችንን ወደ እናንተ ወደ አባቶችና እናቶች እንመልስ። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ስለ ውጭ ሀገር ትምህርት ሲነግራችሁ፣ ከመደሰትም ከመደንገጥም በፊት በእርጋታ ጠይቁት። ማመልከቻውን የምትልከው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ በሰው በኩል? ገንዘብ የተጠየቅኸው ለማን ነው? የዕድሉ ደብዳቤ የት አለ? የኤራስመስ ሙንዱስን ማመልከቻ ተማሪው ራሱ ለፕሮግራሙ በቀጥታ ያቀርባል። ዕድሉን አስገኝልሃለሁ ብሎ ብር የሚቀበል ደላላ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ተስፋ በሬ የሸጠ ቤተ ሰብ የሚቀጥለውን የእርሻ ወቅት በምን ያርሳል?

በእውነተኛው ዕድል ውስጥም ቢሆን የሚዘጋጅ ገንዘብ አለ። ፓስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫና ቪዛ ወጪ አላቸው። ወርሃዊው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ መከፈል የሚጀምረው ተማሪው እዚያ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ የአውሮፕላኑን ቲኬት ቀድሞ የሚገዛው ቤተ ሰቡ ሊሆን ይችላል። በመስከረም የተነገረው አባት እስከ ነሐሴ ድረስ ከዕቁቡም ከዘመዱም ጥቂት በጥቂት ያዘጋጃል። በሐምሌ የተነገረው ግን አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታችን ያስተማረውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባናል።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ ቃል እንናገር። ወንድ ልጅ ሲሄድ ምርቃት፣ ሴት ልጅ ስትሄድ ግን ስጋትና ወሬ በሚበዛበት ቤት፣ ብርቱ ተማሪዎች ማመልከቻቸውን ሳይልኩ ቀርተዋል። ጉዳዩ ቀደም ብሎ በቤት ውስጥ ከተነሣ፣ እናትም አባትም ጠይቀው፣ የት እንደምትኖር፣ ከማን ጋር እንደምትማር አውቀው፣ ልባቸው ያርፋል። በድንገት የተነገረ ነገር ግን በድንጋጤ ይከለከላል።

ሸ) ያልተሳካ እንደሆነ

ብዙዎች አመልክተው ጥቂቶች ብቻ እንደሚያገኙ ቀድመን ማወቅ አለብን። መልሱ "አልተቀበልንህም" የሚል ቢሆን ተማሪው ያንሳል ማለት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ እንዲህ ባለው ወንፊት አልፎ ለዲግሪ የበቃ ልጅ ዋጋው በአንድ ደብዳቤ አይለካም። አስቀድሞ የጀመረ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የሰበሰባቸው ሰነዶች በእጁ ናቸው፤ ደብዳቤውን አሻሽሎ፣ ሥራ ይዞ ልምድ ጨምሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሊያመለክት ይችላል። በተጠባባቂነት ለተመዘገበም ሌላው ዕድሉን ሲተው ተራው ሊደርሰው ይችላል፤ ስለዚህ የሚላክለትን መልእክት በየጊዜው ይመልከት።

ለተሳካለትም የምንለው አለን። በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስም የተጻፈ ዲግሪ በአንዲት የአንኮበር እናት ጉልበት፣ በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ጠመኔ፣ በታናናሾች ትዕግሥት የተገኘ ነው። ተመልሶ በሀገሩ ይሥራ ወይም በሩቅ ይቆይ፣ ይህን ብድር የሚከፍልበትን መንገድ ይፈልግ። ከሁሉ የሚቀለውና ማንም ሊያደርገው የሚችለው፣ ከእርሱ በኋላ ላሉት የማመልከቻውን ቀን በጊዜ መንገር ነው። አንድ ተማሪ በመስከረም ለአሥር ተማሪዎች ቢናገር፣ ወሬው በጥር ከመድረስ ይድናል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ያሉ ተማሪዎች ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰሙት ከማን ነው? በየትኛው ወር?

2. በቃል በሚያስር ማመልከቻና በማያስር ማመልከቻ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ቤተ ሰብ ከመፈረሙ በፊት ምን ሊጠይቅ ይገባል?

3. የልጃችሁ ስምና የልደት ቀን በትምህርት ማስረጃው፣ በመታወቂያውና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ነውን? እስቲ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አመሳክሩት።

4. የቁምስናው ወጣቶች በየዓመቱ በመስከረም ተሰብስበው የማመልከቻ ቀኖችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው በሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ምን ያስፈልጋቸዋል? ሥራውን የሚጀምረውስ ማን ነው?